ድንጋይ ሲቀልጥ ኦክሲጅን ምን ይሠራል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ እሳተ ገሞራ ነው። በምድር ሆድ ውስጥ ድንጋይ ይቀልጣል። የቀለጠውም ድንጋይ ጠባዩ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ እንደ ቀጭን ሊጥ ይፈሳል፤ ሌላው እንደ ገንፎ ይወፍራል። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ድንጋይ ይሆናል። አንዱ ብዙ የድኝ ጭስ ያወጣል፤ ሌላው ድኙን ከታች አስቀርቶ ይወጣል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ነው። ዛሬ ከምክንያቶቹ አንዱን ብቻ እንመለከታለን፤ እርሱም ኦክሲጅን ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንመልሰው።

እናንተ በመቀሌ ከተማ በዓይደር የምትኖሩ፣ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ። ከዓይደር ወደ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ፣ ደጋውን ወርዳችሁ አፋር ምድር ትገባላችሁ። ለዘመናት አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ መቀሌ የመጣው ከዚያ ቆላ ነው። በዚያው ቆላ ኤርታ አሌ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ስሙ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው። ከኤርታ አሌ በስተ ደቡብ ደግሞ ሃይሊ ጉቢ የሚባል ሌላ ተራራ አለ። ይህ ተራራ በተጻፈ ታሪክ ፈንድቶ አያውቅም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። ነፋሱም አመዱን ወደ ምሥራቅ ወስዶ ቀይ ባሕርን አሻገረው። የመንን፣ ኦማንን አልፎ እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ደረሰ። በሕንድ አገር አውሮፕላኖች በረራ ሰረዙ። በአፍዴራ አካባቢ መንደሮችን አመድ ሸፈናቸው፤ የከብቶችም ግጦሽ በአመድ ተበላሸ።

ነፋሱ በዚያ ቀን ወደ ምሥራቅ ባይነፍስ ኖሮስ? ወደ ምዕራብ ቢነፍስ ደጋው ላይ ያለነውን ያገኘን ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን የሆነውን ነገር ማወቅ ይገባናል። ጎረቤትን የማያውቅ በደህናውም ቀን አይጠቀም፣ በክፉውም ቀን አይድን።

ዝገት፣ ከሰልና አመድ

በመጀመሪያ ኦክሲጅን ምን እንደሆነ እንወቅ። የምንተነፍሰው አየር ከአንድ በላይ ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው። ከመቶው እጅ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ሕይወታችንን የሚያቆየው ይህ ነው። እሳትንም የሚያነደው ይህ ነው።

ኦክሲጅን ከሌሎች ነገሮች ጋር መያያዝ ይወዳል። ማረሻችሁን ክረምቱን ሙሉ ደጅ ብትተዉት ምን ይሆናል? ይዝጋል። ያ ቀይ ዱቄት ሌላ ምንም አይደለም፤ ብረቱ ከአየሩ ኦክሲጅንና ከእርጥበቱ ጋር ተያይዞ የሆነው ነው።

አሁን ደግሞ ከሰል የሚያከስለውን ሰው አስቡ። እንጨቱን ይከምራል፤ በሣርና በአፈር ይደፍነዋል፤ እሳት ይለኩስበታል። አየር በደንብ ስለማይገባ እንጨቱ ጥቁር ከሰል ይሆናል። አፈሩ ተደርምሶ አየር እንደ ልቡ ቢገባበትስ? ከሰሉ ይቀርና ነጭ አመድ ይሆናል። እንጨቱ ያው አንድ እንጨት ነው። እሳቱም ያው አንድ እሳት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የኦክሲጅኑ ብዛትና ማነስ ነው።

ሸክላ የሚሠሩ እናቶችም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከአንድ ጭቃ የተሠሩ ሁለት ዕቃዎች፣ አንዱ አየር እያገኘ ቢተኮስ ቀይ ይወጣል። ሌላው በገለባና በጭስ ታፍኖ ቢተኮስ ጥቁር ይወጣል።

ይህን ምሳሌ በልባችሁ ያዙ። የምድር ሆድም እንደ ከሰል ክምር ነው። አንዳንዱ ቦታ ኦክሲጅን ይጠብበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ይሰፋበታል።

የቀለጠ ድንጋይ አይነድም

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። እሳተ ገሞራ ስንል «እሳት» የሚል ቃል ስላለበት ብዙ ሰው ድንጋዩ እየነደደ ይመስለዋል። አይደለም። ድንጋዩ እንደ እንጨት አይነድም፤ የቀላው ስለጋለ ነው። አንጥረኛ ብረት ሲያግል ብረቱ ይቀላል፤ ነገር ግን ብረቱ እየነደደ አይደለም። የኤርታ አሌ የቀለጠ ድንጋይ ሙቀቱ ከ1100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ መሆኑን ስታስቡ መጠኑ ይገባችኋል።

ታዲያ በአየር የማይነድ ከሆነ ኦክሲጅኑን ከየት ያመጣል? ከራሱ ነው። ምን ማለት ነው መሰላችሁ? በእጃችሁ የያዛችሁት ድንጋይ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ነገር ግን አብዛኛው ከሲሊከን ጋር ተያይዞ ሲሊካ የሚባለውን፣ የአሸዋ ዋና ነገር የሆነውን፣ ሠርቷል፤ ከሌሎችም ጋር በጥብቅ የታሰረ ነው። የኛ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ከታሰረው ተርፎ ለብረቱና ለድኙ የሚዳረሰው ኦክሲጅን ስንት ነው? ሊቃውንት ድንጋዩ ኦክሲጅን «ጠግቧል» ወይስ «ተርቧል» ብለው የሚመረምሩት ይህንን ነው።

የብረት ሁለት መልክ

በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ብረት አለ። ከመቶ 10 እጅ ገደማ የሚሆነው ብረትና ከብረት ጋር የተያያዘ ኦክሲጅን ነው። ብረቱ ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው ኦክሲጅን ያነሰው ነው። ሁለት ብረት ለሁለት ኦክሲጅን ይደርሳል። ይህ ለድንጋዩ የጠቆረ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ኦክሲጅን የበዛለት ነው። ሁለት ብረት ለሦስት ኦክሲጅን ይደርሳል። ይህ ቀይ መልክ ያመጣል፤ የዝገት መልክ ነው።

በመቀሌ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች ላይ ዶለራይት የሚባል ጥቁር ድንጋይ ይገኛል። ይህ ድንጋይ በጥንት ዘመን ቀልጦ ከታች የመጣ፣ ነገር ግን ከምድር ላይ ሳይፈስ በነጩ ድንጋይ መካከል ገብቶ የቀዘቀዘ ነው። አንዱን አንሡና በመዶሻ ስበሩት። ውስጡ ጥቁር ግራጫ ነው። የውጭ ቆዳው ግን ቡናማ፣ ቀላ ያለ ነው። ውስጡ አየርና ዝናብ አላገኘውም፤ ቆዳው ግን ለብዙ ዘመን አገኘው። ልክ እንደ ማረሻው ዝጓል ማለት ነው።

ከእሳተ ገሞራ አፍ ተወርውረው የወደቁ ቀላል ድንጋዮችንም አይታችሁ ይሆናል። እንደ እንጀራ ዓይን አላቸው። ዓይኑ ጋዝ ወጥቶ የሄደበት ቦታ ነው። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ቀይ ነው። ቀዩ ገና ትኩስ ሳለ አየርና እንፋሎት በደንብ ያገኘው ነው። ጥቁሩ ቶሎ የቀዘቀዘው ወይም አየር ያላገኘው ነው። የሁለቱም እናት አንድ ናት።

ድኝ የት ይገባል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በቀለጠ ድንጋይ ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው ኦክሲጅኑ ነው።

ኦክሲጅን ሲጠብ ድኙ ከብረት ጋር ይያያዛል። ሲበዛም እንደ ዘይት ጠብታ ከቀለጠው ድንጋይ ይለያል። ዘይት ግን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ ጠብታ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲሰምጥም መዳብንና ወርቅን ይዞ ይሰምጣል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው ድንጋይ ድኙም ማዕድኑም የተቀነሰበት ይሆናል።

ኦክሲጅን ሲሰፋ ግን ድኙ ከኦክሲጅን ጋር ይያያዝና በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ ይሟሟል፤ ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ማለት ነው። እንዲህ ያለው የቀለጠ ድንጋይ ከሌላው ብዙ እጥፍ ድኝ ሊሸከም ይችላል። መዳቡና ወርቁም አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ። በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር ያሉት ታላላቅ የመዳብ ማዕድናት ኦክሲጅን ከጠገበ የቀለጠ ድንጋይ ጋር የተያያዙ ናቸው።

እንግዲህ ተመልከቱ። ኦክሲጅን ለማዕድን ፈላጊ በጎ ነገር አመጣ። ነገር ግን የተሸከመው ድኝ ከላይ ሲደርስ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። እርሱ ደግሞ ጉዳት አለው።

ምሳሌ እንስጥ። በፊሊፒንስ አገር ፒናቱቦ የሚባል ተራራ በሰኔ ወር 1983 ዓ.ም. ፈነዳ። የዚያ ተራራ የቀለጠ ድንጋይ ኦክሲጅን የጠገበ፣ ድኝም የተሸከመ ነበር። ወደ ሰማይ የወጣው የድኝ ጋዝ 15 ሚሊዮን ቶን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ይህ ጋዝ ከፍ ብሎ እንደ ስስ ጉም በዓለም ላይ ተዘረጋ፤ የፀሐይንም ብርሃን ቀነሰ። በተከተለው ዓመት የዓለም ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀዘቀዘ። አንድ ተራራ ተንፍሶ ዓለምን ሁሉ አበረደ ማለት ነው።

ኦክሲጅኑ ለምን በአንዱ አገር በዛ፣ በሌላው አነሰ? እንደ ፊሊፒንስ፣ ጃፓንና ቺሊ ባሉ አገሮች የባሕር ወለል ከየብሱ ሥር ይገባል። ሲገባም ውሃና ኦክሲጅን የያዘ ነገር ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ የሚቀልጠው ድንጋይ ኦክሲጅን ይሰፋበታል። ከአሥሩ የብረት ቅንጣት ሁለት ወይም ሦስቱ ባለ ብዙ ኦክሲጅኑ መልክ ይሆናሉ። በአፋር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ምድር እየተሳሳበ ይከፈታል። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቷል፤ በአንዳንድ ቦታ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተራርቃለች። በተከፈተው ሥር የሚገባው ቅልጥ ድንጋይ ከጥልቅ ምድር የሚመጣ ነው። በባሕር ወለል የተበረዘው ዓይነት ስላልሆነ በጠቅላላው ኦክሲጅኑ ከእነ ፒናቱቦ ያነሰ ነው።

የኤርታ አሌ ትንፋሽ

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? ከምድር ሆድ ገብቶ ያየ ሰው የለም። ነገር ግን ሐኪም ትንፋሻችንን ሰምቶ የውስጣችንን እንደሚያውቅ፣ ሊቃውንትም የተራራውን ትንፋሽ መርምረው የውስጡን ያውቃሉ።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ የኛው ኤርታ አሌ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ሐሩን ታዚየፍ የተባለ የእሳተ ገሞራ ሊቅ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ተመራማሪዎችን ይዞ አፋርን መረመረ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ የቀለጠ ድንጋይ የሚወጣው ጋዝ በመስታወት ዕቃ ተቀዳ። ቨርነር ጊገንባኽና ፍራንሷ ለ ጌርን የተባሉ ተመራማሪዎችም ስለ ጋዙ ጻፉ።

ምን ተገኘ? ከመቶው 80 እጅ ገደማ የውሃ እንፋሎት ነው። 10 እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 7 እጅ ገደማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለው የድኝ ጋዝ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሌላው የድኝ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ከእነዚህ ጋር ጥቂት ሃይድሮጅንና ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኝቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ታውቁታላችሁ። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲጨስ ሰው የሚገድለው ጋዝ እርሱ ነው። የሚወጣው እሳቱ ኦክሲጅን ሲያጥረው ነው። የኤርታ አሌ ትንፋሽም ሙሉ በሙሉ ኦክሲጅን ቢጠግብ ኖሮ እነዚህ ጋዞች ይጠፉ ነበር። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጥቂቱን ሃይድሮጅን ከብዙው እንፋሎት ጋር፣ ጥቂቱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር አመዛዝነው የድንጋዩን የኦክሲጅን መጠን አሰሉ። ውጤቱ አልጠገበም፣ እጅግም አልተራበም የሚል ነው፤ በመካከል ያለ ነው።

ቀጭኑና ወፍራሙ

አንድ ጥያቄ ይቀራል። አንዱ እሳተ ገሞራ ዝም ብሎ ሲፈስ ሌላው ለምን ይፈነዳል?

ወደ ማድ ቤት እንግባ። አጥሚት ሲፈላ አረፋው በቀላሉ ይወጣል። ገንፎ ሲፈላ ግን አረፋው ታፍኖ ይቆይና ቧ ብሎ ይተፋል፤ እጅም ያቃጥላል። የቀለጠ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ቀጭን ከሆነ ጋዙ በሰላም ይወጣል። ወፍራም ከሆነ ጋዙ ይታፈንና ይፈነዳል። ኤርታ አሌ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ሞልቶ ሲፈስ ድንጋዩ ቀጭን ስለነበር ረጅም መንገድ ሄዷል።

ከሁሉ በላይ የሚያወፍረው የሲሊካ መብዛት ነው። የጋዙም ብዛት ትልቅ ድርሻ አለው። ኦክሲጅን ግን የራሱ እጅ አለበት። ኦክሲጅን ያነሰው ብረት የሲሊካውን ሰንሰለት ያላላል፤ ድንጋዩም ይቀጥናል። ኦክሲጅን የበዛለት ብረት ግን ከሰንሰለቱ ገብቶ ያጠብቀዋል፤ ድንጋዩም ይወፍራል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች ሌላም ነገር አሳይተዋል። ኦክሲጅን ሲሰፋ ማግኔታይት የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ ይወለዳሉ። እነርሱም ድንጋዩን ያወፍሩታል፤ ለጋዙም አረፋ መነሻ ይሆናሉ።

ስለዚህ ኦክሲጅን ብቻውን ተራራ አያፈነዳም። ነገር ግን ድንጋዩን በማወፈርና ድኙን በማሸከም ያግዛል።

በክፉ ቀን ምን እናድርግ?

ያወቅነውን በሥራ ካላዋልነው ዕውቀቱ ምን ይረባል? ወደ አፋር ለጨው፣ ለንግድ ወይም ለሥራ የምትወርዱ ሰዎች በተለይ ስሙ።

አንደኛ። ክብሪት ስትጭሩ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ አለ። ያ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሽታ ነው። በብዛት ሲመጣ ዓይን ያቃጥላል፤ ያስላል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ።

ሁለተኛ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሸተታችሁ ከዚያ ራቁ። ሽታው ድንገት ቢጠፋ «አለፈ» ብላችሁ አትዘናጉ። ይህ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ራሱን ይገድላል።

ሦስተኛ። ሁለቱም የድኝ ጋዞች ከአየር ይከብዳሉ፤ በጎድጓዳ ቦታ ይተኛሉ። ስለዚህ ወደ ገደል አትውረዱ። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ሆናችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

አራተኛ። አመድ ሲወርድ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ጨርቁ አመዱን ይቀንሳል፤ ጋዙን ግን አያግድም። ይህን አትርሱ።

አምስተኛ። የውሃ ጉድጓድና እንስራ ክደኑ። ከብቶች አመድ የወረደበትን ሣር እንዳይግጡ ከልክሉ። የእሳተ ገሞራ አመድ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ነገር ሊይዝ ይችላል። አመዱ ዝናብ ከነካው በጣም ይከብዳልና ከጣራ ላይ ቶሎ ጥረጉ፤ ስትጠርጉም ከጣራው እንዳትወድቁ ተጠንቀቁ።

ስድስተኛ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ከጭሱ አርቃችሁ ወደ ሐኪም አድርሱ።

የንግግራችን ፍሬ

ውድ አድማጮች፣ ያልነውን በአጭሩ እንድገመው። የቀለጠ ድንጋይ አይነድም፤ ይግላል። በውስጡ ያለው ብረትና ድኝ ኦክሲጅን ሲያንስና ሲበዛ መልካቸውን ይለውጣሉ። ኦክሲጅን ሲጠብ ድኙ ይሰምጣል፤ ሲሰፋ ይሟሟል፤ ከላይም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ኦክሲጅን ሲሰፋ ድንጋዩ ትንሽ ይወፍራል። ይህን ያወቅነው ከተራራ ትንፋሽና ከድንጋይ መልክ ነው።

አሁን በቡድን ሆናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ። መልሱን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

1. ከአንድ እንጨት ከሰልም አመድም የሚወጣው ለምንድን ነው?
2. ከደጃችሁ ጥቁር ድንጋይ አምጡና ስበሩ። የውስጡና የውጩ መልክ ይለያያል? ለምን?
3. ኦክሲጅን በጠገበ የቀለጠ ድንጋይ ውስጥ ድኙ ወዴት ይሄዳል?
4. የእንቁላሉ ሽታ ድንገት ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?
5. ወደ አፋር የሚወርድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አላችሁ? ከዛሬው ትምህርት የትኛውን ትነግሩታላችሁ?

አምስተኛውን ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ አትመልሱት። ሰውየው ሳይወርድ ቤቱ ሄዳችሁ አንብቡለት።

ደህና ሁኑ።